ካርዱ 86፣ ፈተናው 41፦ የእንግሊዝኛ ውጤት ለምን ያስደነግጣል?

ውጤት የወጣ ዕለት ማታ እህቴ ቤት ስልክ ከእጅ እጅ ሲዞር አመሸ። የእህቴ ልጅ የመለያ ቁጥሯን ታስገባለች፣ ገጹ አልከፍት ይላል፤ ወንድሟ በቴሌግራም ይሞክራል፤ እናቷ «ተይው በቃ፣ ነገ ይታያል» ትላለች። አምስት ሰዓት ሲሆን ተከፈተ። ሂሳቡንም ፊዚክሱንም አልፋ ዓይኗ እንግሊዝኛ ላይ ቆመ፦ 41።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «እንግሊዝኛ እኮ ሠርቼው ነው የወጣሁት!»

ልጅቷ አልዋሸችም። ካርዷ ላይ እንግሊዝኛ ከ80 ወርዶባት አያውቅም፤ 12ኛ ክፍል ላይ 86 ነው። ይህን የእሷን አባባል ደግሞ በየዓመቱ ከብዙ ተማሪ አፍ እንሰማዋለን። ሂሳብ ያልሆነለት ልጅ ከፈተና ክፍል ሲወጣ ያውቀዋል፤ ውጤቱ ሲመጣ ቢያዝን እንጂ አይገረምም። እንግሊዝኛ ግን እየሳቁ የሚወጡበትና ቆይቶ የሚያስለቅስ ፈተና ነው። ለምን?

መጀመሪያ ነገር፣ 41 ማምጣት መውደቅ ነው?

አይደለም። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ማለፊያው የሚሰላው ከድምሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት የተለየ ማለፊያ የለም። ከጠቅላላው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ያልፋል። እንግሊዝኛ ላይ 41 ያገኘ ተማሪ በሌላው ሊያካክስ ይችላል።

የሚያካክሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የማለፍ ምጣኔ እንዲህ ነው፦ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም ነበር።

ከዚያ በፊት የወጡ ታላላቆች «እኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይረሳሉ። አንደኛ፣ ያኔ መቁረጫ ነጥቡ ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ ከፍና ዝቅ ይል ስለነበር ከግማሽ በታች አምጥቶ መግባት ይቻል ነበር። ሁለተኛ፣ ኩረጃው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ጭምር አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ እስከ መሰረዝ ደርሷል። ስለዚህ የወንድምን የድሮ ውጤት ከእህት የዘንድሮ ውጤት ጋር ማስተያየት ሁለት የተለያየ ሚዛን ላይ የተመዘነ ጤፍ እንደማስተያየት ነው።

ካርዴ ላይ 86 ነው፤ ታዲያ 41 ከየት መጣ?

የነገሩ እንብርት እዚህ ስለሆነ ትንሽ ቆየት እንበልበት። የሚከተለውን አጭር ምንባብ አንብቡ። አንዳንዶቹ ቃላት ሆን ብዬ የፈጠርኳቸው ስለሆኑ መዝገበ ቃላት ውስጥ አትፈልጓቸው።

«ከበደ በማለዳ ጠንፈላውን ተሸክሞ ወደ ልጉማ ወጣ። መንገድ ላይ ግን ደርቀሙ ስለጀመረ ጠንፈላው ተሾረቀ። ከበደም ልጉማ ሳይደርስ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ።»

አሁን ጥያቄ። ከበደ ምን ተሸክሞ ወጣ? ጠንፈላ። ወዴት ሊሄድ ነበር? ወደ ልጉማ። ጠንፈላው ለምን ተሾረቀ? ደርቀሙ ስለጀመረ። ሦስት ከሦስት፤ መቶ በመቶ! ምንባቡ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልገባችሁም።

አራተኛ ጥያቄ ልጨምር፦ «ከበደ ቤቱ ሲደርስ የቤተሰቡ ትልቁ ችግር ምን ይሆናል? ሀ. የሚለብሱት ማጣት፣ ለ. የሚገዙበት ገንዘብ ማጣት፣ ሐ. የከበደ መታመም፣ መ. የመንገዱ ርቀት።» እዚህ ላይ ምንባቡን ወደ ላይና ወደ ታች ብታስሱት መልሱ ተጽፎ አይገኝም። ጠንፈላ ጨው፣ ልጉማ ገበያ፣ ደርቀሙ ዝናብ፣ ተሾረቀ ደግሞ ሟሟ ማለት መሆኑን ያወቀ ግን ሳያመነታ «ለ»ን ያጠቁራል።

ብዙ የክፍል ፈተና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ይመስላል። ምንባቡ ከመጽሐፉ የተወሰደ፣ ክፍል ውስጥ የተነበበ፣ አንዳንዴም መልሱ ደብተር ላይ የተገለበጠ ነው። ከዚያ ላይ የአሳይመንት፣ የቡድን ሥራ፣ የደብተር፣ የተሳትፎ ነጥብ ይታከልበታል። መምህሩ አጭበረበረ ማለቴ አይደለም። የክፍል ምዘና የተሠራው «ያስተማርኩህን ይዘሃል?» ብሎ ለመጠየቅ ነው። አገር አቀፉ ፈተና ደግሞ «አይተኸው የማታውቀውን ጽሑፍ ብሰጥህ ትረዳዋለህ?» ይላል። ጥያቄዎቹ ሁለት ስለሆኑ መልሶቹም ሁለት ይሆናሉ። 86ቱም እውነት ነው፣ 41ዱም እውነት ነው።

ንባብን የሚያጠኑ ሰዎች የደረሱበት አንድ ልክ አለ። አንድን ጽሑፍ ያለ እርዳታ ለመረዳት ከቃላቱ ከ95 እስከ 98 በመቶ የሚሆኑትን ማወቅ ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር ከ100 ቃል ውስጥ የማናውቀው ከአምስት ከበለጠ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይከዳል። የከበደ ታሪክ ለምን እንዳልገባችሁም ይህ ይነግራችኋል። በየሦስት በየአራት ቃሉ አንድ እንቅፋት ነበረበት።

ግን እኮ ቃላት ሸምድጄ ነበር!

የእህቴ ልጅ የቃላት ደብተር አላት። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፤ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት፣ በሁለት ቀለም። ስለ ቀለም ካነሳን ደግሞ፣ አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ሰው «ቀለም» ማለት መጻፊያና መቀቢያ ነው ብሎ ሸመደደ እንበል። ከዚያ «ልጁ ቀለም አይገባውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ገጠመው። ምን ይመልሳል? ምናልባት ልጁ ልብሱ ላይ ቀለም አይይዝም ብሎ ያስባል። ቃሉን ያውቀዋል፤ አነጋገሩን አያውቀውም።

ፈተናው ላይ የቃላት ጥያቄ ብዙ ጊዜ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ታቅፎ ነው የሚመጣው። አንድ ቃል ከጎረቤቱ ጋር ሲሆን ምን እንደሚሆን የሚያስተምረው ቃሉን በተለያየ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ ማግኘት ነው። ዝርዝሩ ከንቱ ነው አልልም፤ ግን የሰው ስም ሸምድዶ ሰውየውን አለማወቅ ዓይነት ነው።

ሰዋስው ላይስ? እሱንማ አውቀዋለሁ

ሕጉን ታውቀዋለች፣ እውነት ነው። ክፍል ውስጥ «ሺ ዳሽ ቱ ስኩል ኤቭሪ ዴይ» ሲባል፣ «ኤቭሪ ዴይ» ስላለ «ጎዝ» ብላ ትሞላለች። ፈተናው ግን ያንን ጠቋሚ ቃል ይነሳትና አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥቶ፣ ክፍት ቦታዎቹን ከአንቀጹ አካሄድ ተነስታ እንድትሞላ ይጠይቃታል። ወይም የተዘበራረቁ አራት ዓረፍተ ነገሮችን አቅርቦ «ቅደም ተከተላቸውን አስተካክይ» ይላል። ለዚህ ሕጉን ከማወቅ በላይ ሐሳቡን መከተል ያስፈልጋል።

ሌላም ተንኮል አለ፤ ተንኮል ስል የሙያው ደንብ ነው። የምርጫ ጥያቄ አዘጋጅ አንድ ትክክለኛ መልስና ሦስት ማዘናጊያዎች ይጽፋል። ጥሩ ማዘናጊያ ደግሞ ግማሽ ያወቀውን ሰው የሚጠራ ነው። «አይ ዳሽ ሂር ሲንስ ዚስ ሞርኒንግ» የሚል ጥያቄ ውሰዱ፤ አማራጮቹ «አም»፣ «ዋዝ»፣ «ሃቭ ቢን» እና «ዊል ቢ» ናቸው። በአማርኛ የሚያስብ ሰው «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ» ነው የሚለው። «ነኝ» ደግሞ «አም» ነው! ሳይጠራጠር ያጠቁራል፤ ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ትክክለኛው «ሃቭ ቢን» ነው።

«ሠርቼው ነው የወጣሁት» የሚለው ስሜት ከዚህ ይወለዳል። ሂሳብ ላይ ያልታወቀ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ሆኖ ያፈጣል። እንግሊዝኛ ላይ ግን ሁሉም ጥያቄ የሚመስል መልስ አለው። የተሳሳተው መልስ ራሱ የመተማመን ስሜት ይሰጣል።

ለመሆኑ 41 ምን ያህል እውቀት ነው?

ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ አኩርፋኛለች፤ ሆኖም ስሌቱ ቀላል ነው። አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው ከአራት አንዱን ያገኛል። ስለዚህ 100 ጥያቄ ቢኖር፣ ቋንቋውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው በአማካይ 25 ይዞ ይወጣል። መነሻው ዜሮ አይደለም፤ 25 ነው።

አንዲት ተማሪ 21 ጥያቄ በእርግጠኝነት አውቃ ብትመልስና የቀሩትን 79 በግምት ብታጠቁር፣ ከግምቱ ወደ 20 ታገኛለች። 21 ሲደመር 20፣ 41። በዚሁ ስሌት 50 ለማምጣት 33 ያህሉን በእርግጥ ማወቅ ይበቃል፤ የቀረውን ግምት ይሞላዋል። በእርግጥ ሰው እንዲህ በጥቁርና ነጭ አይሠራም፤ ሁለት አማራጭ ሰርዞ ከሁለት የሚመርጥበት ጊዜ አለ፣ ማዘናጊያ የሚጎትተውም ጊዜ አለ። ግምቱም ቢሆን ዕድለኛ ቀን ከፍ፣ ክፉ ቀን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ በ41 እና በ45 መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ማጋነን አይገባም፤ ያው ልጅ በሳምንቱ ቢፈተን ሊገለበጥ ይችላል። በ41 እና በ70 መካከል ያለው ግን ዕድል አይደለም።

ማሽኑ ተሳስቶ ቢሆንስ?

በወረቀት የሚሰጠውን ፈተና የሚያርመው በእርሳስ የጠቆረውን ክብ የሚያነብ ማሽን ነው። ማሽኑ የሚያየው ጥቁረቱንና ቦታውን ብቻ ነው። ከሰው እጅ የሚመጡ ስህተቶች ግን አሉ፦ ቀለል አድርጎ ማጥቆር፣ ሲያጠፉ በደንብ አለማጥፋት፣ አንድ ጥያቄ ዘልሎ የመልስ ወረቀቱ ላይ አለመዝለል። ከሁሉ የከፋው የቡክሌት ኮድ ነው። ተቀማጮች እንዳይኮራረጁ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል በየኮዱ ይለያያል፤ ኮዱን የተሳሳተ ሰው መልሱ የሚታረመው በሌላ ሰው ቁልፍ ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት መልክ አለው። የሚያስጠረጥረው ውጤት 20ዎቹ አካባቢ፣ ማለትም የግምት ሰፈር ያለ ነው። ሌላው ሁሉ 70 እና 80 ሆኖ አንዱ ብቻ 24 ከሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤት ካወጣ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ቅሬታ በድረ ገጹ ሲቀበል ቆይቷል፤ ቀኖቹ ሳያልፉ ማቅረብ ነው። 41 ግን ያንን መልክ የለውም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ የእርሳሱ ጣጣ ለአንዳንዱ ቀርቷል።

ፈተናው ራሱ ከብዶ ቢሆንስ?

ይህ ጥያቄ ከሚመስለው የጠለቀ ነው፤ እንግሊዝን የሚያህል አገር ፍርድ ቤት አድርሶታል። በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. የ16 ዓመት ልጆች የሚወስዱት የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ሲወጣ ብዙዎች «ሲ» ሲጠብቁ «ዲ» አገኙ። ሲጣራ፣ በአንዱ ፈተና አዘጋጅ ድርጅት ወረቀት ላይ በጥር «ሲ» ለማግኘት ከ80 43 በቂ ነበር፤ በሰኔ ግን ወደ 53 ከፍ ብሏል። ተቆጣጣሪው አካል የሰኔው መስመር ትክክል እንደነበረ፣ የጥር ወሩ ግን ለስላሳ ሆኖ እንደነበረ ተናገረ። ትምህርት ቤቶችና የአካባቢ አስተዳደሮች ከሰሱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ክሱን ውድቅ አደረገው። ዌልስ ግን የራሷን ልጆች ውጤት እንደገና አስወስና ከ2 ሺህ በላይ ተማሪዎች ከፍ ያለ ውጤት አገኙ። የሁለቱ አገር ልጆች እኩል ሠርተው ወሰን በመሻገር ብቻ ፊደላቸው ተለየ።

ነገሩን በጣሳ አስቡት። ዘንድሮ የተሰጠን ጣሳ ካምናው ትንሽ ከጠበበ፣ «አምስት ጣሳ» ማለት ያምናውን ያህል እህል አይሆንም። እንግሊዞች ጣሳው በተለወጠ ቁጥር መስመሩን ያንቀሳቅሳሉ፤ ለዚያ ነው ተማሪው አስቀድሞ ስንት እንደሚበቃው የማያውቀው። እኛ ጋ መስመሩ 50 ላይ ተተክሏል፤ ተማሪው ያውቀዋል። ግን መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ የሚንቀሳቀሰው የፈተናው ክብደት ነው፤ የዓመቱ ጥያቄዎች ትንሽ ከከበዱ ብዙ ሰው ከመስመሩ በታች ይቀራል። ለእኔ ሁለቱም ፍጹም አይደሉም። ቢሆንም ማለፊያው በተተከለበት አገር፣ የየዓመቱ ፈተና እኩል ክብደት ያለው መሆኑን በግልጽ ማሳየት የአዘጋጁ ዕዳ ነው ባይ ነኝ።

እንግሊዝኛ ሌላውንም ይዞ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ የሂሳቡ የቃል ጥያቄም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ ከፈተናዎቹ አንዱ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም በር ነው።

ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። መሸጋገሪያው ከክልል ክልል ሲለያይ ቆይቷል፤ በአዲስ አበባ ለዓመታት 7ኛ ክፍል ላይ ነበር፣ በኦሮሚያና በትግራይ 9ኛ ላይ። ብዙ ወላጅ «ቶሎ እንግሊዝኛ የጀመረ ይቀድማል» ብሎ ያምናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ ጥናት ግን እስከ 8ኛ በእናት ቋንቋቸው የተማሩት በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ንባብ አንድ ጊዜ በሚገባ ቋንቋ ከተለመደ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በማይገባ ቋንቋ የተለመደ እንደሆነ ግን የፊደል ጩኸት ሆኖ ይቀራል።

ፕላዝማን የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። በዚያው ዘመን አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር። አስተማሪዋ በደቡብ አፍሪካ አነጋገር ጥያቄ ትጠይቃለች፣ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች፣ ማንም ሳይመልስላት ታልፋለች። እኛም አብረን እንስቅ ነበር። የመጽሐፉ ቋንቋ፣ የመምህሩ ቋንቋና የተማሪው ቋንቋ ተራርቀው የሚሄዱበት ክፍል ከዚያ ወዲህም አልጠፋም። መምህሩ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፣ ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል።

አሁንስ ምን ይደረግ?

ከ50 በታች ሆነው በየዓመቱ የሚወሰነውን ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል» የሚባለውን፣ ይወስዳሉ። በሁለቱም ዘርፍ እንግሊዝኛ አለበት። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም አለ።

ለሁለቱም የሚጠቅመው አንድ ዓይነት ዝግጅት ነው። የድሮ ፈተና ምንባብ አውጥቶ አማራጮቹን በወረቀት ሸፍኖ ማንበብ፣ ከዚያ ታሪኩን በገዛ ቋንቋ ለሌላ ሰው መተረክ። መተረክ ካልተቻለ ችግሩ ሰዋስው አይደለም፣ ንባብ ነው፤ ሌላ የሰዋስው ማስታወሻ መግዛት አይፈታውም። ካልታወቀው ቃል ሁሉ ሥር ማስመር፣ ከመጀመሪያዎቹ 100 ቃላት ስንቱ እንደተሰመረበት መቁጠር። ከአምስት ከበለጠ ጽሑፉ ገና ነው፤ ወደ ቀለለው ወርዶ በብዛት ማንበብ ነው።

ከእህቴ ልጅ ጋር ይህን ሞክረነው ነበር። እሷ አሁን ያልታወቀን ቃል ሁሉ «ጠንፈላ» ነው የምትለው። ከ12ኛ ክፍሉ ምንባብ 17 ጠንፈላ ቆጠረች። ወደ 10ኛ ወረድን፣ 11። 8ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ አራት ሆነ። ስለዚህ ማታ ማታ የ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ወንድሟ እንዳያይባት ሽፋኑን በጋዜጣ ለብዳዋለች።